የሳልሞን ጫጩት የሚመስል ፍላይ፦ ትራውት ተከትሎት መጥቶ ለምን ይመለሳል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ዋሽንግተን ግዛት ነው። በብርዱ ወራት ቤት ተቀምጬ የሳልሞን ጫጩት የሚመስሉ ፍላዮች ሳስር ከረምኩ። መንጠቆዬ ቁጥር 4 ነው። ነጭና አረንጓዴ ጸጉር ጠቀም አድርጌ፣ ብልጭልጩንም ሳልሰስት፣ ዓይኑን ትልቅ አድርጌ ነው የሠራሁት። እጄ ላይ ሳየው ያምራል። ማርች መጨረሻ ላይ ስካጊት ወንዝና ፑጄት ሳውንድ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳርቻ ወስጄ ሞከርኩት። ትራውቶቹ ይከተሉታል፣ አጠገቡ ይደርሳሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ። አንዳንዴ ጅራቱን ነካ አድርገው ይሄዳሉ። ለስቲልሄድም፣ ባሕር ሄዶ ለሚመለሰው ትራውት፣ ይሆነኛል ብዬ ነበር። ምኑን ነው የሳትኩት?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ፍላይህ እጅህ ላይ እንደሚያምር አልጠራጠርም። ችግሩም እሱ ነው። እጅ ላይ የሚያምር ፍላይ ብዙ ጊዜ ውሃ ውስጥ ወፍራም ነው። ከነገርከኝ ተነስቼ ስገምት ሦስት ነገር አብሮ ተበላሽቷል። ረዝሟል፣ ወፍሯል፣ ብርሃን አያሳልፍም። ከሦስቱ የከፋው የመጨረሻው ነው።

ነገሩ አዲስ ለሆነባቸው አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። ፍላይ ማለት መንጠቆ ላይ በጸጉር፣ በላባና በክር የሚታሰር ማታለያ ነው። አብዛኛው ነፍሳት ይመስላል። እዚህ የምናወራው ግን ትንሽ ዓሣ ስለሚመስለው ነው። ትራውት የሚባለው አዳኝ ዓሣ የሳልሞንን ልጆች አሳዶ ይበላል፤ እኛም ልጆቹን መስለን እንቀርባለን።

ዓሣ ተከትሎ መጥቶ አጠገብ ሲደርስ ከተመለሰ፣ እንቅስቃሴው ጠርቶታል፣ ቅርጹ አባሮታል ማለት ነው። ከሩቅ የሚዋኝ ነገር አየና መጣ። ቀርቦ ሲያየው ሲውጥ ከዋለው ጋር አልገጠመለትም። ጅራቱን ነካ አድርጎ የሄደው ደግሞ በግማሽ ልቡ ነው የሞከረው። ወይ ፍላዩ ረዝሞበታል፣ ወይ ጥርጣሬ ገብቶታል።

የሳልሞን ጫጩት ከጠጠር በወጣ ሰሞን ሰውነቱ ገና ቀለም አልሞላም። ብርሃን በሥጋው ውስጥ ያልፋል። ከታች ወደ ላይ ለሚያይ ትራውት ጎልቶ የሚታየው ዓይኑ፣ ጀርባው ላይ ያለችው ጠቆር ያለች መስመርና ሆዱ አካባቢ ያለው የብር ነጸብራቅ ነው። እኔ ሳስር የምሠራው እነዚህን ሦስቱን ብቻ ነው። የቀረው ቦታ ባዶ ቢሆን ይሻላል። አንተ ግን ባዶውን ቦታ በጸጉር ሞላኸው። ጸጉር ሲበዛ ከታች የሚታየው ጥቁር ጥላ ነው፤ ቀለሙ አረንጓዴ ይሁን ነጭ ለውጥ የለውም።

መንጠቆውን ሞርሳው ላይ ከማሰርህ በፊት ግን የምትመልሰው ጥያቄ አለ። በዚህ ውሃ፣ በዚህ ሳምንት፣ የሚወርደው የየትኛው ሳልሞን ልጅ ነው? ስካጊት ዕድለኛ ወንዝ ነው። አምስቱም የፓስፊክ ሳልሞኖች ይገቡበታል፤ ቺኑክ፣ ኮሆ፣ ሶክአይ፣ ቻምና ፒንክ። በልጅነታቸው ግን አኗኗራቸው ለየቅል ነው።

ፒንክና ቻም ከጠጠሩ እንደወጡ ወደ ባሕር ይወርዳሉ። ወንዝ ውስጥ ተቀምጠው አያድጉም። ስለዚህ ስታገኛቸው ሁልጊዜ ትንሽ ናቸው፤ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ቢሆኑ ነው። የፒንክ ጫጩት ጎኑ ላይ ምንም ምልክት የለውም። ጀርባው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ፣ ጎኑ ጥርት ያለ ብር ነው። የቻም ጫጩት ጎኑ ላይ ቁልቁል የቆሙ፣ ጥላ የሚመስሉ ምልክቶች አሉት። አጫጭርና ደብዛዛ ናቸው፤ ከጎኑ መሐል መስመር በታች ብዙም አይወርዱም። ፒንክ በፑጄት ሳውንድ ወንዞች በብዛት የሚመለሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጎዶሎ ቁጥር ባለው ዓመት ነው፤ 2023፣ 2025 እያለ ይሄዳል። ልጆቹ የሚወርዱት በሚከተለው ዓመት ማርችና ኤፕሪል ላይ ነው፤ 2024፣ 2026 እንዲሁ። ይህን የማያውቅ ሰው «ባለፈው ዓመት የሠራልኝ ፍላይ ዘንድሮ ምን ነካው?» ሲል ትሰማዋለህ። ፍላዩን ምንም አልነካውም። ጫጩቱ ነው የሌለው።

ኮሆ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ሙሉ ወንዝ ውስጥ ይቆያል። ክንፎቹ ብርቱካንማ ናቸው፤ የጀርባና የታችኛው የኋላ ክንፉ ፊተኛ ጠርዝ ነጭ ነው። ቺኑክ ይቀላቀላል፤ ገሚሱ በጥቂት ወራት ውስጥ ይወርዳል፣ ገሚሱ ዓመት ይቆያል። ጎኑ ላይ ያሉት ምልክቶች ሰፋፊና ጎላ ያሉ ናቸው። ሶክአይ ሐይቅ ይገባና አንድ ወይም ሁለት ዓመት እዚያ ያድጋል። ማርች መጨረሻ ላይ አንተ ፊት የነበረው እንግዲህ በአብዛኛው ቻምና ቺኑክ ነው፤ ዓመቱ ከሆነ ደግሞ ፒንክ ይጨመራል። ሁሉም ከጣትህ ያነሱ ናቸው። በቁጥር 4 መንጠቆ ላይ ጸጉሩን ወደ ኋላ ለቀህ ያሰርከው ነገር የእነሱን እጥፍ ሳይሆን አይቀርም።

ጊዜውን በግምት ማወቅ ከፈለግክ የቀላል ሒሳብ መንገድ አለ። የዓሣ ማራቢያ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ነው። እንቁላሉ ከተጣለበት ቀን ጀምሮ የየቀኑን አማካይ የውሃ ሙቀት በሴልሺየስ እየደመርክ ትሄዳለህ። ድምሩ ወደ 500 ሲጠጋ እንቁላሉ ይፈለፈላል። ወደ 1000 ሲጠጋ ጫጩቱ ከጠጠሩ ይወጣል። ከዝርያ ዝርያ ትንሽ ይለያያል፤ ለዓሣ አጥማጅ ግን ይበቃል። ውሃው በአማካይ 6 ዲግሪ ከሆነ 1000ን ለ6 አካፍል፤ 167 ቀን ገደማ ይመጣል። ኖቬምበር 1 የተጣለ እንቁላል ማለት ኤፕሪል አጋማሽ ላይ የሚወጣ ጫጩት ማለት ነው። ብርዱ የጠና ዓመት ከሆነ ወደ ሜይ ይገፋል። ሌሎች «በዚህ ቀን ነው» ሲሉህ አትስማ፤ ውሃውን ለካ።

አሁን ወደ ማሰሩ እንግባ። መጀመሪያ ሞርሳው አጠገብ ማስመሪያ አስቀምጥ። የመንጠቆ ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል፤ ሚሊሜትር ግን አይዋሽም። የፍላዩ ጠቅላላ ርዝመት፣ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ፣ 35 ሚሊሜትር ይሁን። ለዚህ ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆ ይበቃል፤ ግንዱ መካከለኛ ርዝመት ያለው። ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የቆመችውን እሾህ ገና ሞርሳው ላይ ሳይገባ በፒንሳ ጨፍልቃት። በኋላ ብትጨፈልቃትና መንጠቆው ቢሰበር የደከምክበት ሁሉ ነው የሚሄደው።

ክሩ ቀጭንና ነጭ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ጥቁር ክር ተጠቅሞ በላዩ ነጭ ጸጉር ይሸፍንበታል፤ ደረቅ ሳለ ምንም አይታይም። ሲረጥብ ግን ነጩ ጸጉር ብርሃን ማሳለፍ ይጀምርና ከሥሩ ያለው ጥቁር ፍንትው ብሎ ይወጣል። የመንጠቆው ብረትም እንደዚያው ነው። ግንዱን ዳር እስከ ዳር በነጭ ክር አንድ ዙር ሸፍነው፤ በላዩ ላይ የዕንቁ ቀለም ያለው ብልጭልጭ ጥብጣብ አንድ ዙር ብቻ ጠምጥም። ሆዱ ይኼ ነው። አበቃ።

ቀጥሎ ነጩ ጸጉር ይመጣል። የአጋዘን ጅራት ጸጉር የምትጠቀም ከሆነ ከጅራቱ ሥር አካባቢ አትቁረጥ። እዚያ ያለው ጸጉር ውስጡ ክፍት ነው፤ ክሩን ስታጠብቅበት እንደ መጥረጊያ ይበተናል። ከመሐል ወደ ጫፍ ያለው ግን ቀጭንና ድፍን ነው፤ እንዳስተኛኸው ይተኛል። ስንት ጸጉር? ዐሥራ ሁለት፣ ቢበዛ ዐሥራ አምስት። አዎ፣ ቁጠራቸው። መጀመሪያ ሲያዩት «ይኼ ምን ይሆናል!» ያሰኛል። ይሆናል። ስስ ሰው ሠራሽ ጸጉርም ጥሩ ነው፤ በዚህ መጠን እንዲያውም ከአጋዘኑ ይልቅ ይንቀሳቀሳል። ችግሩ ብዙ ቆንጥረህ እንደወሰድክ አለመታወቁ ነው። ከቆነጠርክ በኋላ ግማሹን ጣለው።

በነጩ ላይ ሁለት ዘለላ ብልጭልጭ ክር ጨምር። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ጎን። ከሁለት አትለፍ። ጫጩት ሲገላበጥ አንዴ ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ይጠፋል። የአንተ ፍላይ ያለማቋረጥ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ጥርት ባለ ውሃ ውስጥ ማስፈራሪያ ነው የሚሆነው። ደፍርሶ ከሆነ አራት ብታደርገው አልጣላህም።

ጀርባውን በወይራ ቅጠል አረንጓዴ ጸጉር ሥራው፤ ከነጩ ያነሰ፣ ስምንት ያህል ዘለላ። በላዩ አንድ የጣዎስ ላባ ዘለላ ብታስተኛበት ያቺ ጠቆር ያለች የጀርባ መስመር ትወጣለች። ፒንክ ከሆነ የምትመስለው አረንጓዴው ውስጥ ሁለት ሦስት ሰማያዊ ዘለላ አስገባ። ቻም ወይም ቺኑክ ከሆነ የጎኑ ምልክት ያስፈልግሃል። ማርከር ይዘህ ነጠብጣብ በነጠብጣብ መሣል ትችላለህ። እኔ ግን የወንድ ዳክዬ የጎን ላባ እመርጣለሁ። ተፈጥሮው መስመር መስመር ነው። ከግራና ከቀኝ ጥቂት ዘለላ ብታስተኛ ሲረጥብ ምልክቱ ራሱ ይወጣል፤ ደግሞ ብርሃን ያሳልፋል። የማርከር ቀለም በዓይን ጥሩ ነው፤ በብርሃን ሲያዩት ግን ድፍን ይሆናል።

ዓይን ላይ ሰው ሲያጋንን አልቃወምም። የጫጩት ዓይን ከጭንቅላቱ ጋር ሲነጻጸር በእውነትም ትልቅ ነው። ቢሆንም ለ35 ሚሊሜትር ፍላይ የ2 ወይም የ3 ሚሊሜትር ተለጣፊ ዓይን ይበቃል። ብር ዙሪያ፣ ጥቁር መሐል። ከለጠፍከው በኋላ በዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት በሚደርቅ ሙጫ ሸፍነው። ሙጫውን በስሱ ደጋግመህ ቀባ፤ በእያንዳንዱ ቅብ መሐል መብራቱን አብራበት። በአንዴ ጠብ ካደረግክ ይጎብጥና ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ይበልጣል። መስኮት አጠገብ አትሥራ፤ የፀሐይ ብርሃን ራሱ ዩቪ ስላለው ሳታስተካክለው ይደርቅብሃል። ደርቆም ላዩ እጅ የሚይዝ ከሆነ በአልኮል የረጠበ ጨርቅ ጥረገው። ሙጫው ከፍላዩ ፊተኛ ሲሶ አይለፍ። እስከ ጅራት ከወረደ የምትወረውረው የሚዋኝ ነገር ሳይሆን የጥርስ መፋቂያ ነው።

አሁን የምትፈትንበት መንገድ ይኸውልህ። ብርጭቆ ውሃ ሙላ። ፍላዩን በደንብ አርጥበህ ውሃው ውስጥ አንጠልጥለውና ወደ መስኮት ያዘው። ከዓይኑ ኋላ ያለው ሰውነቱ ብርሃን ካሳለፈ፣ የጀርባውም መስመር ብቻዋን ከታየች፣ ሣጥንህ ውስጥ አስገባው። ጥቁር ጥላ ከሆነ ወፍራም ነው። ደረቅ ፍላይ አይተህ አትፍረድ። የገዛኸውንም ፍላይ በዚሁ ፈትን፤ ብዙዎቹ ይወድቃሉ፣ ምክንያቱም የተሠሩት ገዢን ለማማለል ነው።

ጭንቅላት ማሳመር የምትወድ ሰው ስለሆንክ አንድ የቆየ ዘዴ ልጠቁምህ። ሰንደር ክሪክ ይባላል፤ በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የታወቀ አሠራር ነው። ጸጉሩን እንደተለመደው ወደ ኋላ አታስርም። ጫፉን ወደ ፊት፣ ከመንጠቆው ቀለበት ውጭ አድርገህ ታስረዋለህ፤ ነጩን ከታች፣ ጠቆር ያለውን ከላይ። ከዚያ ሁሉንም ወደ ኋላ ትመልስና ከጭንቅላቱ ጀርባ በቀይ ክር ታስረዋለህ። ጸጉሩ ራሱ ታጥፎ ጭንቅላት ይሆናል፣ ቀዩ ክር ስንጥብ ይመስላል። ዓይን በቀለም ትነካለህ፣ ሙጫ ትቀባለህ። ቅርጹ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። እርግጥ በጣም ትንሽ ፍላይ ላይ ያደክማል፤ ከ5 ሴንቲሜትር በላይ ለሆነው ግን ከዚህ የሚስማማኝ የለም።

ከጫጩቱ በፊት ያለውን ዕድሜ ብዙ ሰው ይረሳዋል። እንቁላሉ ከተፈለፈለ በኋላ ትንሹ ዓሣ ሆዱ ላይ ብርቱካንማ የአስኳል ከረጢት ተሸክሞ ጠጠር ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። አሌቪን ይሉታል። ርዝመቱ ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲሜትር ነው። በፈቃዱ አይወጣም። ጎርፍ ጠጠሩን ሲያገላብጥ ግን ተጠርጎ ይወጣል፤ መዋኘትም በቅጡ አይችልም። ዝናብ ዘንቦ ወንዙ ከሞላ በኋላ ውሃው መጥራት ሲጀምር አሌቪን የሚመስል ፍላይ የሚያህል የለም። ቁጥር 10 ወይም 12 መንጠቆ ውሰድ። በግንዱ ላይ ቀጭን የእርሳስ ወይም የመዳብ ሽቦ ጠምጥም፤ ይኼኛው መስመጥ አለበት። ሰውነቱን ፈዛዛ ግራጫ ወይም ሮዝ አድርገው፤ አራት አምስት ነጭ ዘለላ ለጅራት። ከዓይኑ ጀርባ፣ ከሥር፣ አንዲት የብርቱካን ቀለም የነካ የሙጫ ጠብታ አድርግ። ወይም ትንሽ ብርቱካንማ ሱፍ እሰርና አጠር አድርገህ ቁረጠው። ከረጢቱ ከሩቅ የሚታይ ምልክት ነው፤ ትራውት መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ይህን ፍላይ አትጎትተው። ውሃው እንዳደረገው ያድርገው፤ ከወለሉ አጠገብ ዝም ብሎ ይውረድ።

ሌላው ጫፍ ላይ ስሞልት አለ። ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ቆይቶ አድጎ ወደ ባሕር የሚወርደው ነው። ከ7 እስከ 12 ሴንቲሜትር ይሆናል። የጎኑ ምልክቶች በብርማ ሽፋን ሥር ይጠፋሉ፤ ጉዋኒን የሚባል ንጥረ ነገር ቅርፊቱና ቆዳው ላይ እየተከማቸ ነው የሚያበራው። በዚያ ሰሞን ቅርፊቱ በቀላሉ ይረግፋል። ትራውት ስሞልት መንጋ ውስጥ ሲገባ ውሃው ውስጥ የብር ፍርፋሪ የሚበተነው ለዚህ ነው። እንግዲህ ብልጭልጭ መጨመር ከፈለግክ ቦታው ይኼ ነው። እዚህ ላይ አትሰስት። ጀርባው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ወይም የወይራ ቀለም፣ ሆዱ ነጭ፣ ጎኑ የብር ቱቦ ወይም ብዙ ብልጭልጭ ክር። በአላስካ፣ ኢሊያምና ከሚባለው ሐይቅ በሚወጣው በክቪቻክ ወንዝና በናክኔክ ወንዝ የሶክአይ ስሞልት ሲወርድ ትላልቅ ሬንቦ ትራውቶች ሰልፍ ይዘው ይጠብቁታል። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ አዳምስ ወንዝ ላይ ደግሞ ነገሩ የጫጩት ነው። ሶክአይ በአራት ዓመት አንዴ በከፍተኛ ብዛት ይመለሳል፤ 2014፣ 2018፣ 2022 እንዲህ ነበሩ። በማግስቱ ዓመት፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ትራውቱ ድግስ ላይ ነው።

ወደ ስቲልሄዱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ልብህን ማሞቅ አልፈልግም። ስቲልሄድ ባሕር ሄዶ የተመለሰ ሬንቦ ትራውት ነው፤ ዝርያው አንድ ነው። ለመራባት ወደ ወንዝ ሲገባ መብላቱን ከሞላ ጎደል ያቆማል። ፍላይ የሚመታው በቁጣ ይሁን በልማድ ሰዎች ሲከራከሩበት ይኖራሉ። የሆነው ሆኖ ገና ወደ ላይ እየወጣ ላለ የብርድ ወራት ስቲልሄድ የ35 ሚሊሜትር ጫጩት አስመስለህ መልፋትህ ትርፉ ትንሽ ነው። ለእሱ በቀዝቃዛና ደፍረስ ባለ ውሃ የሚታይ፣ 7 ወይም 8 ሴንቲሜትር የሆነ ስሞልት መሳይ ፍላይ ይሻላል። ከፓስፊክ ሳልሞን በተለየ ግን ስቲልሄድ እንቁላል ጥሎ ሊተርፍ ይችላል። ተርፎ ወደ ባሕር ሲመለስ ከስቶ ነው፣ ርቦታል። ያኔ ጫጩት ይበላል።

በታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ ይህ በደንብ ይታወቃል። ሚሺጋን ሐይቅ ውስጥ ኮሆ በ1966፣ ቺኑክ በ1967 ተለቀቁ። ዛሬ እንደ ማስኬገንና ፔር ማርኬት ባሉ የሚሺጋን ወንዞች የቺኑክ ጫጩት ኤፕሪልና ሜይ ላይ ሲወጣ፣ እንቁላል ጥለው የሚመለሱት ስቲልሄዶችና ነዋሪዎቹ ትራውቶች ዳር ዳሩን ይዘው ያሳድዱታል። እዚያ ብትኖር ኖሮ «ትንሽና ቀጭን እሰር» የምለው ለስቲልሄድም ይሠራ ነበር። ፑጄት ሳውንድ አካባቢ ግን ለዚህ ፍላይ ደንበኛህ ከባሕር የሚመጣው ካትስሮት የሚባለው ትራውትና ቡል ትራውት ነው።

አጣጣሉም ፍላዩን ያህል ዋጋ አለው። ጫጩት ኃይለኛ ውሃ ውስጥ አይቆምም። ወንዝ ላይ ከሆንክ የምትፈልገው ቦታ ዳሩ ነው። ሣር የነካው ጠርዝ፣ ከድንጋይ ጀርባ ያለው ረጋ ያለ ውሃ፣ ፈጣኑና ዝግተኛው የሚገናኙበት መስመር። ብዙ ሰው እስከ ወገቡ ገብቶ ወደ መሐል ይወረውራል፤ ዓሣው ከኋላው፣ እሱ ረግጦት ካለፈው ቦታ ላይ ነው። መጀመሪያ ዳር ቆመህ ዳሩን ሞክር። ወደ ውሃው መውረጃ አሻግረህ ጣል፣ ገመዱ ሳይወጠር ፍላዩ እንዲወርድ ተወው፤ ከዚያ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ሳብ፣ ቆም፣ ሳብ፣ ቆም። ዳር ሲደርስ ወዲያው አታውጣው። ጥቂት ሰከንድ እዚያው ይንጠልጠል። ብዙው ንክሻ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ጫጩት መሳይ ፍላይ ላይ ክብደት አልጨምርም፤ ጫጩቱ ራሱ ወደ ውሃው ገጽ ቀረብ ብሎ ነው የሚዋኘው። ፑጄት ሳውንድ ዳርቻ ላይ ደግሞ ተንሳፋፊ ወይም በዝግታ የሚሰምጥ ገመድ ይበቃሃል፤ ካትስሮት ከጉልበትህ በማይዘል ውሃ ውስጥ የቻም ጫጩት ያሳድዳል።

ፍላዩን ከገመዱ ጋር ስታስረው ክሩን ቀለበቱ ላይ አጥብቀህ አትቋጥረው። ላላ ያለ ቀለበት ትቶ የሚያስር ቋጠሮ ተጠቀም፤ ትንሽ ፍላይ በነፃ ካልተወዛወዘ የሞተ ነገር ነው የሚመስለው። ሰዓቱን በተመለከተ፣ ፒንክና ቻም በብዛት የሚወርዱት በሌሊት ነው። ስለዚህ ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ከቀትር ይበልጣል። ደመናማ ቀን ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉም ይሆናል።

ሕጉን ሳልነግርህ አላልፍም። የፑጄት ሳውንድ ቺኑክ ከ1999፣ ስቲልሄዱ ከ2007 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ለአደጋ የተጋለጡ ተብለው ተመዝግበዋል። ባሕሩ ላይ የሚያዝ የዱር ካትስሮት መለቀቅ አለበት። የስካጊት የስቲልሄድ ወቅትም በየዓመቱ እንደ ዓሣው ብዛት ይከፈታል ወይም ይዘጋል፤ ባለፈው ዓመት ተከፍቶ ነበር ብለህ አትሂድ። ከመውጣትህ በፊት የዋሽንግተን ግዛት የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ያወጣውን የዚያን ሳምንት ደንብ አንብብ። ስትረግጥም ተጠንቀቅ። ዙሪያውን አልጌ ለብሶ እሱ ብቻ ንጹሕ ሆኖ የሚያበራ ጠጠር ካየህ ከሥሩ አሌቪን ሊኖር ይችላል። ዙረህ እለፍ።

ያሰርካቸውን ፍላዮች አትጣላቸው። ቁጥር 4ዎቹን ለሁለት ክፈላቸው። ወፈር ወፈር ያሉትን ለሜይ አስቀምጥ፤ ጎናቸው ላይ ብልጭልጭ ጨምር፣ ጀርባቸውን በጥቁር ሰማያዊ ማርከር ነካ ነካ አድርግ፣ ስሞልት ይሆናሉ። የቀሩትን በቀጭን መቀስ አሳሳቸው። ጫፋቸውን ግን ቀጥ አድርገህ አትከርክም፤ ጅራቱ ዱልዱም ይሆናል። ከጭንቅላቱ ሥር ጥቂት ጥቂት ዘለላ እየለየህ ከሥር ቁረጥ። ብልጭልጩን ሁለት ዘለላ እስኪቀር አውጣው። በየመሐሉ ብርጭቆው ውስጥ እየነከርክ ወደ መስኮት ያዘው። ብርሃኑ ሲያልፍ መቀሱን አስቀምጥ። ርዝመታቸው ለጫጩት አሁንም ይበዛል፤ ደፍረስ ላለ ቀን ግን ይሠራሉ። ለጠራው ውሃ ከቁጥር 8 ጀምረህ አዲስ እሰር፤ ስድስት ያህል ቻም፣ ሦስት አሌቪን ይበቃሃል።